ክኒኑን ላቁም ወይስ ልቀጥል? ሕመም ላለባት ነፍሰ ጡር

ስኳር ያለባት ሴት ወልዳ ትስማለች። ደም ግፊት ያለባትም፣ የሚጥል በሽታ ያለባትም፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለባትም። ይህን ከመነሻው ልበለው፤ እዚህ ጎንደር ዛሬም «እሷ እኮ በሽተኛ ናት፣ የት ትወልዳለች» የሚል ሰው አይጠፋምና። ትወልዳለች። የሚያስቸግረው ጥያቄ ሌላ ነው። ስትወስደው የኖረችው መድኃኒት ምን ይሁን?

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምውለው። ይህ ጥያቄ በመስኮቱ ሲመጣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ከኋላ የቆመው ሰው እንዳይሰማ። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ ማርገዟን ባወቀች ማግሥት ክኒኗን በሙሉ ትታዋለች፤ «ልጁን ይጎዳብኛል ብዬ» ትላለች። ሌላዋ ሆዷ ገፍቷል፣ የወር መድኃኒቷን እንደ ወትሮው ልትገዛ ነው የመጣችው፤ ስለ እርግዝናዋ ግን መድኃኒቱን ላዘዘላት ሐኪም ትንፍሽ አላለችም። ሁለቱም ለልጃቸው ብለው ነው። ሁለቱም ልጁንም ራሳቸውንም አደጋ ላይ ጥለዋል።

መልሱ ለሁሉም አንድ ቢሆን ኖሮ እዚሁ እንጨርስ ነበር። ዛሬውኑ መቀየር ያለበት ክኒን አለ። በምንም ዓይነት መቆም የሌለበት አለ። መጠኑ መጨመር ያለበትም አለ። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው። ለምን እንደሚለያይ ማወቅ ግን ለማንም አይከብድም።

እርግዝና ምኑን ይቀይረዋል?

ሴት ስታረግዝ የደሟ መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ልቧ በፍጥነት ይመታል፣ ኩላሊቷም ከወትሮው በላይ ያጣራል። ስለዚህ ትናንት ይበቃት የነበረ መድኃኒት ዛሬ በብዙ ደም ውስጥ ይቀጥናል፣ ቶሎም በሽንት ይወጣል። መጠኑ ሳይነካ ኃይሉ ይቀንሳል ማለት ነው። በሚጥል በሽታና በእንቅርት መድኃኒቶች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል።

በሌላ በኩል አብዛኛው መድኃኒት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይደርሳል። የደረሰ ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም። የሚጎዱት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ጊዜ አላቸው። አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አንዳንዱ ወደ መጨረሻዎቹ ወራት።

ሰው የሚረሳው ግን በሽታውን ራሱን ነው። ክኒኑ ልጁን ይጎዳ ይሆን እያልን ስንጨነቅ፣ ያልታከመ ግፊት፣ ያልተያዘ ስኳር ወይም በየሳምንቱ የሚጥል በሽታ ልጁን ምን ያህል እንደሚጎዳ አናስበውም። አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ይልቅ ሳይታከም የቀረው በሽታ ይብሳል።

ሳንናገር የምናሳልፋቸው ሳምንታት

የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። እናትየው ወር አበባዋ ቀርቶባት «ዘገየብኝ» እያለች ሁለተኛ ሳምንቷን ስትጠብቅ ማለት ነው። ልብም፣ እጅና እግርም በሁለት ወር ግድም ቅርጻቸውን ይይዛሉ።

እኛ ዘንድ ደግሞ እርግዝና ሆድ ሳይገፋ አይወራም። ዓይን አለ፣ ቡዳ አለ፣ «ባይጸናልኝስ» የሚል ስጋትም አለ። እኔ ይህን ልማድ አልነቅፈውም። ጎረቤት ባይሰማ ምንም አይጎድልም። ሐኪም ግን ጎረቤት አይደለም። ሕመም ያለባት ሴት በአራተኛው ወር ክትትል ስትጀምር ስለ ስኳሯም ሆነ ስለ ክኒኗ መወሰን የነበረበት ብዙ ነገር አልፏል።

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ቀጠሮ ከመፀነስ በፊት ያለው ነው። ለስኳር ወይም ለግፊት ወይም ለልብ ክትትልሽ ስትሄጂ «ልጅ አስበናል» ብለሽ ተናገሪ። በቃ፣ ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር። ሐኪሙ መድኃኒትሽን ቀድሞ ይቀይራል፣ ስኳርሽን ያስተካክላል፣ ያ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳውን ፎሊክ አሲድ የሚባል ቪታሚን ያስጀምርሻል። ፎሊክ አሲድ ለማንኛዋም ሴት በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ይበቃል። ስኳር ላለባትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ግን 5 ሚሊ ግራም ይታዘዛል። መጀመር ያለበትም ከመፀነስ በፊት ነው፤ ጤና ጣቢያ በእርግዝና ወቅት የሚሰጠውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን እስክትቀበይ ከጠበቅሽ ቱቦው ተዘግቷል።

እስከዚያው መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን የመከላከያ እንክብልንም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ያዳክማሉ። «መከላከያ እየተጠቀምኩ አረገዝኩ» ከሚሉት መካከል አንዳንዶቹ እውነታቸውን ነው። ለእነሱ ሉፕ ወይም የሦስት ወሩ መርፌ ይሻላል። ግፊት ላለባት ደግሞ በየቀኑ የሚዋጠው ሁለት ሆርሞን ያለበት እንክብል አይመከርም።

ደም ግፊት

በመስኮቱ በኩል በጣም የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ብዙ የግፊት ታካሚዎች የሚወስዱት ኢናላፕሪል ነው። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ጥሩም ይሠራል። ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። በተለይ ከአራተኛው ወር ወዲህ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የሽርት ውኃውንም ያሳንሳል። ካፕቶፕሪልም፣ ሊሲኖፕሪልም፣ ሎሳርታንም ያው ናቸው። ማርገዝሽን ያወቅሽ ቀን ይህን መድኃኒት እየወሰድሽ ከሆነ የወሩን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሳምንት፣ ቢቻል በማግሥቱ ሂጂ። ዝም ብለሽ ማቆም ግን የለብሽም፤ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። በምትኩ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ይሰጥሻል። ሁለቱም ለነፍሰ ጡሮች ለብዙ ዓመታት ሲታዘዙ የኖሩ ናቸው።

ግፊትሽ ከ140/90 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ድሮ ሐኪሞች ነፍሰ ጡርን በመጠነኛ ግፊት ማከም ያመነቱ ነበር፤ የልጁ እድገት ይቀንሳል ብለው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ግፊቱን ከ140/90 በታች ማድረግ ለእናትም ለልጅም እንደሚበጅ፣ ልጁንም እንደማያሳንሰው አሳየ። ከዚያ ወዲህ ማመንታቱ ቀንሷል።

ቀድሞ ግፊት ያለባት ሴት ፕሪኤክላምሲያ ለሚባለው የእርግዝና ግፊት የበለጠ ትጋለጣለች። ይህ ከ20 ሳምንት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ አንጎልን ይነካል፣ ሲብስ እናቲቱን ያንቀጠቅጣል። ለመከላከል ከ12 ሳምንት ጀምሮ፣ ቢቻል ከ16 ሳምንት በፊት፣ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ይታዘዛል። ርካሽ ናት፣ ጥቅሟ ግን ትልቅ ነው። ሐኪምሽ ካላነሳው አንቺ አንሺው። ካልታዘዘልሽ ግን በራስሽ አትጀምሪ።

የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ የሚያስፈልገው ሆስፒታል ነው። «ደክሞኝ ነው» ተብሎ ሻሽ ጠበቅ አድርጎ አስሮ መተኛት አይደለም። ግፊቱ 160/110 ከደረሰ ደግሞ ሕመም ባይኖርም ድንገተኛ ነው።

ስኳርና ጾም

ከመፀነስ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍ ያለ ስኳር የልጁን ልብና ኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ያበላሻል። ኋላ ደግሞ ልጁን ከልክ በላይ ያገዝፈዋል፣ ምጡን ያከብደዋል፣ ሲወለድም የሕፃኑ ስኳር ድንገት ይወርዳል። በእርግዝና ጊዜ የሚፈለገው ቁጥር ከወትሮው ጠበቅ ያለ ነው። በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ምግብ ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች።

ግሊቤንክላሚድ ስትወስድ የነበረች ሴት ብዙውን ጊዜ ወደ ኢንሱሊን ትዛወራለች። ሜትፎርሚን ሊቀጥል ይችላል፣ ብቻውን ግን ላይበቃ ይችላል። እዚህ ላይ የሚመጣው ፍርሃት አንድ ነው፤ «ኢንሱሊን ከተጀመረ አይቆምም» የሚል። በክኒን ስኳሯ ይያዝ የነበረች ሴት ከወለደች በኋላ ወደ ክኒኗ ልትመለስ ትችላለች። መርፌው ለዘጠኝ ወሩ ነው።

የኢንሱሊን ፍላጎት ቀጥ ብሎ አይሄድም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሹ ምግብ ሲከለክል ይቀንሳል፣ ስኳርም ድንገት ሊወርድ ይችላል። ከአምስተኛው ወር ወዲህ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከቀድሞው እጥፍ የምትፈልግም አለች። ልጁ በተወለደ ሰዓት ደግሞ በአንዴ ይወርዳል። በእርግዝናው መጨረሻ የነበረውን መጠን ወልዳ ብትወጋ ራሷን ስታ ልትወድቅ ትችላለች። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ያለውን መጠን ሳትወልጂ በፊት ጠይቂ፣ አስጽፊም።

ማቀዝቀዣ ለሌላት፣ የተከፈተ ብልቃጥ በጎንደር አየር ጥላ ቦታ ላይ እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ወደ መተማና ሁመራ ግን ሙቀቱ ይገድለዋል። እዚያ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ ሸክላውን በእርጥብ አሸዋ መሐል ማስቀመጥ ይሠራል። በረዶ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ግን አለቀለት፣ ይጣል።

አሁን ወደ ጾሙ። ጎንደር ላይ ይህን ሳያነሱ ስለ ስኳር ማውራት ከንቱ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ኢንሱሊን ለወጋች ሴት ቀልድ አይደለም። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል፣ ይርባታል፣ ነገር ይምታታባታል። የዚያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ መለካት፣ ከዚያ ምግብ። ባሏም፣ ልጆቿም፣ የቤት ሠራተኛዋም ይህን ማወቅ አለባቸው። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አይሰጣት፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም ለነፍሰ ጡርና ለሕመምተኛ ከጾም ፈቃድ አለ። ግን ብዙ ሴቶች ፈቃዱን አይጠይቁም። አንዳንዷ ለነፍስ አባቷ ማርገዟን እንጂ ስኳሯን አልነገረችም። ሁለቱንም ንገሪያቸው። ከወተትና ከሥጋ መታቀብ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላና በአትክልት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ሊታቀድ ይችላል። አደጋው ረጅሙ ባዶ ሆድ ነው። እና እንጀራ ለስኳር ክልክል ነው የሚሉሽን አትስሚ። ልኩ ነው ወሳኙ፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ተነስቶ ሩቡ ወይም ግማሹ ከወጡና ከጎመኑ ጋር።

የሚጥል በሽታ

ይህ ሕመም ከመድኃኒቱ ይልቅ ምስጢሩ ያስቸግራል። ለአማቷ ሳትናገር ያገባች፣ ክኒኗን ከእህል ጆንያ ሥር የምትደብቅ ሴት አለች። ስታረግዝ መጀመሪያ የምታቆመው ያን ነው። ጠበል ሄዳ «ክኒኑን ተይው» የተባለችም አለች። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ አባቶችም ይህን ደጋግመው ሲሉ ሰምቻለሁ። ክኒኗን ከዋጠች በኋላ ብትጠመቅ የሚቀርባት ነገር የለም።

መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም በሽታው ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል። ነፍሰ ጡር ምድጃ ላይ ስትወድቅ፣ ውኃ ስትቀዳ ስትወድቅ አስቡት። ረጅም ማንቀጥቀጥ የልጁንም ኦክሲጅን ይቀንሳል።

ግን ሁሉም የሚጥል በሽታ ክኒን እኩል አይደለም። ቫልፕሮኤት ለመውለድ ለምታስብ ሴት የመጨረሻው ምርጫ ነው። በማሕፀን ሳሉ ከደረሳቸው ልጆች ከአሥሩ አንዱ ያህል የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከአሥሩ ሦስት አራቱ ደግሞ በአእምሮ እድገት ይዘገያሉ። ይህን ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ሳታረግዢ በፊት ስለ መቀየር ተነጋገሪ። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም የተሻሉ ናቸው፣ ግን ዋጋቸውም አቅርቦታቸውም ያስቸግራል። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ፌኖባርቢታል ነው። ከቫልፕሮኤት ይሻላል፣ ፍጹም ግን አይደለም። ሐኪሙ በተቻለ መጠን አንድ መድኃኒት ብቻ፣ በሚሠራው ትንሹ መጠን ሊያደርግልሽ ይሞክራል። ካረገዝሽ በኋላ ግን ቫልፕሮኤትንም ቢሆን በራስሽ አትጣይ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ድረሺ።

ስትወድቅ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ምንም አይሠራም። በጎኗ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ በአፏ ምንም አለመክተት ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከ20 ሳምንት በኋላ ነፍሰ ጡር ከተንቀጠቀጠች፣ «የለመደባት ነው» ብሎ ማለፍ የለም። የእርግዝና ግፊትም እንዲሁ ያንቀጠቅጣል። ግፊቷ ይለካ። በእርግዝና ግፊት ለሚመጣው የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ ነው፤ የሚጥል በሽታ ክኒን አይተካውም።

ልብ

በአገራችን ወጣት ሴቶች ላይ የሚታየው የልብ ሕመም አብዛኛው ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ ነው። በቶንሲል ጀምሮ፣ መገጣጠሚያ አሳምሞ፣ ቀስ እያለ የልብን በሮች ያጠብባል። ልጅቷ እንደ እኩዮቿ ባትሮጥም ኖራለች። ስታረግዝ ደሟ በግማሽ ይጨምራል፤ በሩ ግን ያው ነው። ጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛ ግቢ በር ላይ የሚሆነውን አስቢው፤ ሕዝቡ እጥፍ ሆኖ በሩ ግን አልሰፋም። መውጫ ያጣው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል።

ይህ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር ይፈነዳል። ብዙዋ ሴት የልብ ሕመም እንዳለባት የምታውቀውም ያኔ ነው። ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ትደክማለች፣ ዳገት ስትወጣ ያለከልካታል፤ ከአራዳ እስከ ፒያሳ የሄደ ያውቀዋል። ጠፍጣፋ መተኛት አቅቷት በሁለት ሦስት ትራስ ተደግፋ የምታድር፣ ሌሊት ታፍና የምትነሳ፣ ስታስል አረፋ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ የሚወጣት ግን እርግዝና ብቻ አይደለችም። ይህችን ሴት በዚያው ሌሊት ውሰዷት።

በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጋ ከሆነ ቀጥይ። ለልጁ አይጎዳም፤ ማቋረጡ ነው የሚጎዳ። የብረት ቫልቭ ተገጥሞላት ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ደግሞ ለብቻዋ የሆነ ጉዳይ አላት። ዋርፋሪን ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል፣ ካቆመችው ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ በሄፓሪን መርፌ መተካት አለመተካቱን የልብ ሐኪም ነው የሚወስነው፤ ወር አበባዋ በዘገየ በሳምንቱ ውስጥ።

የልብ ሕመምተኛ ከወለደች በኋላ «ተገላገልኩ» የምትልበት ሰዓት ነው አስጊው። ከማሕፀን የተመለሰው ደም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ልቧን ያጨናንቀዋል። በወለደች በስድስት ሰዓት ወደ ቤት መውጣት ለእሷ አይሆንም።

ሌሎቹን ባጭሩ

አስም፦ የሚነፋውን መድኃኒትሽን አታቁሚ። በሳንባ የሚቀር ነው፣ ወደ ልጁ የሚሄደው እዚህ ግባ አይባልም። ከሰልና እጣን ግን ቀንሺ። ቡናው ይፈላ፣ ማጨሻው ውጭ ይሁን።

ኤችአይቪ፦ አገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያው መድኃኒት እንድትጀምርና ዕድሜ ልክ እንድትቀጥል ታደርጋለች። ያለ መድኃኒት ከመቶ ልጆች ከ15 እስከ 45 ሊያዙ ይችላሉ። በመድኃኒት ከ5 በታች ነው። ዶሉቴግራቪር የምትወስጂ ከሆነ ከአይረን ወይም ከካልሲየም ክኒን ጋር በባዶ ሆድ አትደርቢ፤ መድኃኒቱ እንዳይሰርጽ ያደርገዋል። ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው ይዋጣሉ። ሕፃኑም እንደተወለደ መከላከያ ሽሮፕ ይጀምራል፣ በስድስት ሳምንቱም ይመረመራል።

እንቅርት፦ ሌቮታይሮክሲን ለምትወስድ ሴት መጠኑ እንዳረገዘች መጨመር ይኖርበታል፤ ከአይረን ክኒን አራት ሰዓት አራርቆ መውሰድ ነው። የበዛ ሆርሞን ለማውረድ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክኒኑ ሊቀየር ይችላል።

ቲቢ፦ ሕክምናው ይቀጥላል። ክልክሉ ስትሬፕቶማይሲን መርፌ ነው፤ የልጁን ጆሮ ይጎዳል።

ድብርትና የአእምሮ ሕመም፦ «ማርያም ትርዳሽ» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። እዚህም ክኒኑን በድንገት መጣል ነው ጥፋቱ። በተለይ ከወለደች በኋላ በሽታው ይመለሳል፣ ያውም ብሶ።

እና ማንም ሐኪም ሳያዘው የሚገዛ ነገር። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለነፍሰ ጡር አይመረጡም፤ ከ20 ሳምንት በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይሆኑም፣ ግፊትና ኩላሊት ላለባት በእጥፍ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይቅደም። ኮሶም በእርግዝና አይጠጣም። ጠላ «ምግብ ነው» የሚሉ አሉ፤ አልኮል ነው።

ሁለት ካርድ፣ አንድ ሰው

አሁን ወደ አሠራሩ። ለስኳርሽ ወይም ለግፊትሽ የምትከታተዪበት ክፍል አንድ ነው፣ የእርግዝና ክትትል የምታደርጊበት ሌላ። ካርዱም ሌላ፣ ቀኑም ሌላ። አንዳንዴ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ሆስፒታል ነው። እነዚህ ሁለት ካርዶች ብዙ ጊዜ አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ሰው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ወደ የትኛውም ክፍል ስትሄጂ የምትወስጃቸውን ክኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው በፌስታል አድርገሽ ያዥ። «ነጭ ክብ ክኒን» ማለት ለሐኪም ምንም አይነግረውም፤ ከክኒኑ ግማሹ ነጭና ክብ ነው።

የእርግዝና ክትትል ዛሬ ስምንት ጊዜ ነው የሚመከረው፤ የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት። ሕመም ላለባት ስምንትም ላይበቃ ይችላል። የቀበሌሽ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግፊት መለካት፣ ማስታወስ ትችላለች። መድኃኒት መቀየር ግን ቢያንስ የሐኪም ጉዳይ ነው። ኦፕራሲዮንና ደም ያለበት ቦታ መውለድሽንም ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከቆላ ድባ፣ ከመተማ የሚመጣው ሪፈር ሁሉ የሚያርፈው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ወረፋው ይታወቃል። ምጥ ሲይዝ መኪና ከመፈለግ፣ ቀኑ ሳይደርስ ከተማ ዘመድ ቤት ወይም በየጤና ተቋሙ ባለው የእናቶች ማቆያ መግባት ይበልጣል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለና፣ ክኒንሽ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግዢ፤ ማታ ላይ የመጨረሻዋን ፍሬ ውጠሽ ነገ እገዛለሁ አትበዪ።

ስለ ገንዘብም ልናገር። በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ነፃ ነው። የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒትም ነፃ ነው። የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከፈልበታል። ባል ይህን ቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸው ቤቶች እዚህ ላይ ይተነፍሳሉ።

አራስ ቤት

ከወለደች በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይመጣል። ወንድ ከሆነ እስከ አርባ፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን አራሷ ከቤት አትወጣም። ለደከመች እናት እረፍቱ ወርቅ ነው። ችግሩ፣ የደም ግፊት ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ነው በብዛት ሽቅብ የሚወጣው። በትክክል ማንም በማይለካት ጊዜ። ግፊት ያለባት አራስ በዚያ ሳምንት ወይ ትሂድ፣ ወይ ለኪ ቤት ድረስ ይምጣ። ራስ ምታቱ፣ ብዥታው፣ እብጠቱ ያኔም ያው አደጋ ነው።

ስኳር ላለባት አጥሚቱ ማርና ስኳር ሳይበዛበት ይቀርብላት፤ ስታጠባ ስኳሯ ሊወርድ ስለሚችልም አንድ ነገር አጠገቧ ይቀመጥ። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣ ጡት ታጥባ፣ ሕፃኑን ብቻዋን አታጥበው። እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሳልና ሌሊት አንዱን ተራ ሌላ ሰው ይያዝላት። ፌኖባርቢታል የምትወስድ ከሆነ ሕፃኑ እንቅልፍ በዝቶበት መጥባት ካቃተው ለሐኪም ይነገር። እንጂ ጡት መከልከል አያስፈልግም።

በእርግዝና የተቀየረው መድኃኒትም መመለሻ አለው። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር ክልክል ቢሆንም ለምታጠባ እናት ሊሰጥ ይችላል። ሜቲልዶፓ በተቃራኒው ስሜትን ሊያደበዝዝ ስለሚችል ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ይተካል። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጪ፣ ከመውጣትሽ በፊት፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምወስደው የቱ ነው? የማቆመውስ?» ብለሽ በወረቀት አስጽፊ። ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ይዘሻት ስትመጪ ደግሞ አብሮ ስለሚሄደው መከላከያ እንነጋገራለን፤ ቀጣዩን እርግዝና በዕቅድ ለማድረግ ጊዜው ያ ነው።